ሦስተኛው ወንበር

ጥር ነው፤ ኤድመንተን። መስኮቱን በረዶ
እንደ ነጭ መጋረጃ ሸፍኖታል ማልዶ።
ሦስት ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ የሐኪሟ፣
አንዱ የዝናሽ ነው፣ ከነሆዷ ከነሕልሟ፤
ሦስተኛው የኔ ነው፣ ከግድግዳው ተጠግቶ፣
የሁለቱን ቃል ተሸክሞ፣ የራሱን ቃል ትቶ።
ባሏ በሩ ጋ ቆሟል፣ ኮፍያውን ጨምድዶ።

ዶክተር ፔልቲየር ጀመረች፦ «ሁለት መንገድ አለሽ።
የፊተኛው ልጅሽ በቀዶ ነው የወጣ፤ ስፌቱ ድኗል፣ ጠባሳው አለ።
በምጥ ብትሞክሪ፣ ከአራት ሴት ለሦስቱ ይሳካል፤
ከሁለት መቶ ለአንዷ ግን ማህፀን በጠባሳው በኩል ይተረተራል፤ ያኔ ሩጫ ነው።
በቀዶ ብትይ፣ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ቁስሉ ግን ቀስ ብሎ ይሽራል፣
ሌላ ልጅ ካሰብሽም እንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ሊጣበቅ ይችላል፣
በየቀዶው እየባሰ።»
(ይኼ ቤት አይመታም፤ ቁጥር ነው።)

እኔ ተረጎምሁ። «ሪስክ» ላለችው «አደጋ» አልሁ፤
ቃሉ ካፌ ሲወጣ መኪና ሲገለበጥ ሰማሁ።
መልሼ «ሥጋት» አልሁት፤ እሱም ልክ አልሆነም፣
ሥጋት የልብ ነው እንጂ በመቶኛ አይሰፈርም።

ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ፦ «እኛ ምን እናውቃለን?
እሷ ያለችው ይሁን፤ ከሐኪም በላይ ማንን እንጠይቃለን?»

ዝናሽ አላየችውም። እጇን ሆዷ ላይ አኑራ
«የዚያን ሌሊት» አለች፣ «ያ ሁሉ መብራት ሲበራ፣
አስተርጓሚ በሌለበት እስክሪብቶ አስጨበጡኝ፤
ስሜን እኔው ጻፍሁት፣ ለምን እንደሁ ግን አልነገሩኝ።
ልጄ ድኗል፣ ተመስገን፤ ቢላዋውን አልጠላሁም፤
ግን ሆዴን የከፈቱት ሰዎች ሆዴን አልጠየቁም።»

ይኼን ሆድ በምን ላሻግረው? በማዶ ሆድ ሆድ ነው፣
ቂም አያድርበት፣ ምስጢር አይቀመጥበት፣ ምግብ ነው የሚያውቀው።
«አላማከሩኝም» አልሁላት፤ ግማሹ መንገድ ቀረ።

ከዚያ ወደኔ ዞረች፦ «አንቺስ ብትሆኚ?»
ደንቡ ግልጽ ነው፤ ወንበሬ አፍ አለው፣ አንጀት አልተሰጠውም።
ጥያቄዋን እንዳለ ለሐኪሟ ተረጎምሁት፤
ከሹራቤ ሥር ያለውን፣ የአሥራ አንድ ዓመት ስፌት፣ ዋጥሁት።
«አንቺን እኮ ነው» አለች።
አውቃለሁ።

ቀጥላ ጠየቀች፦ «ጀምሬው ቢከብደኝ፣ ሐሳቤን ብለውጥስ?»
«ይቻላል። ማንም አይቆጣሽም።»
«በሌሊት ቢመጣብኝ፣ ቀዶ ሐኪም አለ?»
«እዚህ አለ። የትም ሆስፒታል ግን እንዲህ አይደለም።»
«የሦስት ዓመቱን ልጄንስ? እቅፍ ይወዳል፤
ሆዴ ተሰፍቶ ሳለ ማን ያነሳልኛል?»
ሐኪሟ ዝም አለች። ይኼ ቅጹ ላይ የለም።
ባልዬው ኮፍያውን ፈታ። «እኔ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣
መሬት መሬት እያየ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ወረቀቱ ተገፋላት። እስክሪብቶውን አነሳች፣
አገላብጣ አየችው፣ ክዳኑን መልሳ ገጠመች።
«ለሐሙስ ይቆየኝ» አለች። «ወስጄው ልመርምረው።»
«ለሐሙስ» አልሁ፤ ከዕለቱ ቃል ሁሉ ቀላሉ ይኼ ነው።

በሩ ላይ ከደንቡ አመለጥሁ፦ «በሰላም ተገላገይ፤»
ከምጡም፣ ከዚያ ሌሊት ጋር ካለሽ ጥልም፣ ማለቴ ነበር፤
ገብቷት ይሆን? ስካርፏን አጥብቃ ሳቅ አለች።

ሐሙስ ሌላ ሰው መደቡ፤ እኔን ዓይን ክፍል ላኩኝ።
የቱን መንገድ እንደያዘች አላውቅም፤ ብጠይቅም አይነግሩኝ።
የዚያን ሰኞ ማታ ግን፣ ባቡር ውስጥ፣ ጓንቴን አውልቄ
ጣቴን በሹራቤ ሥር ሰደድሁ፣ መስመሩን ፈልጌ፣
በገዛ ቋንቋዬ፣ ያለ አስተርጓሚ፣
«አንቺስ ብትሆኚ?» አልሁ።
እስከ ስታዲየም ፌርማታ አልመለስሁም።
ከዚያም ወረድሁ።